ክሮስ ሞተራችሁን ግቢያችሁ ውስጥ መፈተሽና መጠገን፣ ደጋና ቆላ ለምትመላለሱ የሰሜን ሸዋ ልጆች

በኛ በኩል ክሮስ ሞተር (ለድንጋይና ለጭቃ መንገድ ሚሆን ሞተር ሳይክል) ይዞ ሚወጣው ሰው አብዛኛው ለሽርሽር አይደለም፣ የግብርና ባለሙያ ነው፣ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ነው፣ መምህር ነው ወይ ደሞ ገበያ ለገበያ ሚዞር ነጋዴ ነው፣ ሞተሩ ከቆመ ሥራውም አብሮ ይቆማል። ደህና መካኒክ ሚገኘው ደሞ ከተማ ነው፣ እናንተ ግን ከመሀል ሜዳ ወዲያ ወይ ከእነዋሪ ወዲህ የሆነ ቀበሌ ውስጥ ናችሁ። ስለዚ ቤት ውስጥ በትንሽ ዕቃ ምን ምን መሥራት እንደሚቻል በቅደም ተከተል ልጻፍላችሁ።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ከሞተሩ ጋር ሚመጣው ማኑዋል በዚህን ያህል ኪሎ ሜትር ይሄን ቀይሩ ይላል፣ ጥሩ ነው ተከተሉት፣ ግን ያ ቁጥር የኛን መንገድ አያውቅም። ከደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ በውርጭ ትነሳላችሁ፣ ጣርማበር ላይ ከ3,000 በላይ ትወጣላችሁ፣ ከዛ ደብረ ሲናን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር አካባቢ ሙቀት ውስጥ ትገባላችሁ፣ ይሄ ሁሉ በአንድ ቀን ነው። በዛ ላይ የሞረትና ጅሩ ጥቁር አፈር አለ፣ በበጋ ደሞ የመንዝ አቧራ አለ። እና ኪሎ ሜትሩን ብቻ አትቁጠሩ፣ መንገዱን ቁጠሩ። ጭቃ ከዋለ በኋላ፣ አቧራ ከዋለ በኋላ፣ ትልቅ ቁልቁለት ከወረደ በኋላ ሞተሩ ይታያል፣ በቃ።

መጀመሪያ ቦታና ዕቃ

ቦታው ደልዳላ ይሁን፣ ሞተሩ ሲገፉት ማይወድቅ። ቤንዚን ሚነካ ሥራ ስትሠሩ ከሰል ምድጃ፣ ቡና ሚፈላበት ቦታ፣ ሲጋራ፣ ምንም እሳት አጠገብ አይኑር፣ ልጆችም ይራቁ። ሞተር አስነስታችሁ ምትሞክሩ ከሆነ ውጭ ላይ ነው፣ ብርድ ነው ብላችሁ በተዘጋ ክፍል ውስጥ እንዳታስነሱ፣ ጭሱ ሽታ ባይኖረውም ይገድላል።

ዕቃው ብዙ አይደለም። ከ8 እስከ 19 ያለ መፍቻ፣ የካንዴላ (ብልጭታ ሚሰጠው ዕቃ) መፍቻ፣ ጠፍጣፋና ኮከብ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሁለት የጎማ ማውጫ ብረት፣ የእጅ ፓምፕና የአየር መለኪያ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ነጭ ጋዝ፣ ንጹህ ጨርቅ። ከቻላችሁ አንድ ርካሽ ቴስተርና አንድ የክፍተት መለኪያ ቅጠል ግዙ፣ ሁለቱ ብቻቸውን ከብዙ ግምት ያድኗችኋል። አንድ መለዋወጫ ካንዴላ ሁሌም ከወንበር ስር ይኑር።

አልነሳ ሲል

እዚ ላይ ነው ሰው ሚቸኩለው። ኪኩን መርገጥ፣ መርገጥ፣ መርገጥ፣ ከዛ ካርቡሬተሩን (ቤንዚንና አየር ሚቀላቅለውን) መፍታት፣ ከዛ ቦቢናውን (ለካንዴላው ኃይል ሚሰጠውን ጥቅልል) መጠርጠር። አይሆንም። ሞተር ለመነሳት ሦስት ነገር ነው ሚፈልገው፦ ቤንዚንና አየር በልክ ተቀላቅሎ፣ በሰዓቱ ሚመጣ ብልጭታ፣ እና በቂ ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ ድብልቁን ማመቁ)። በዚ ቅደም ተከተል አንድ በአንድ ሂዱ፣ እና አንዴ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ሦስት ነገር ባንዴ ነካክታችሁ ቢነሳ እንኳን የቱ እንደሆነ አታውቁትም፣ በሚቀጥለው ሳምንት መንገድ ላይ እንደገና ትቸገራላችሁ።

መጀመሪያ ቀላሉን እዩ፣ መሪው ላይ ያለው ቀይ ማጥፊያ ተጭኗል ወይ? የቤንዚን መዝጊያው ክፍት ነው ወይ ወይስ ሪዘርቭ ላይ መዞር አለበት? የጎን መቆሚያው ካልታጠፈ ማይነሱ ሞተሮችም አሉ። ይሄን ሳያይ ግማሽ ቀን ሚለፋ ሰው ብዙ ነው።

ቀጥሎ ካንዴላውን ፍቱና ጫፉን እዩት። እርጥብ ከሆነና ቤንዚን ቤንዚን ሚሸት ከሆነ ቤንዚን እየደረሰው ነው፣ እንዲያውም በዝቶበታል፣ ወይ ደሞ ብልጭታ የለም። ደረቅ ከሆነ ቤንዚኑ አልደረሰም። ይቺን አንዷን በማየት ብቻ ሥራችሁ ግማሽ ቀለለ ማለት ነው።

እርጥብ ከሆነ አድርቁት፣ ክፍተቱን እዩ (ብዙዎቹ ትናንሽ ሞተሮች 0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ናቸው)፣ ከዛ ኮፍያው ላይ ሰክታችሁ የካንዴላውን ብረት ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክታችሁ ኪኩን ርገጡ። ሰማያዊ ጠንከር ያለ ብልጭታ ካለ ደህና ነው። ቢጫና ደካማ ከሆነ ወይ ከሌለ ሌላ ካንዴላ ሞክሩ፣ ከዛ ኮፍያውን፣ ከዛ የማሳ ሽቦውን፣ ቦቢናና ሲዲአይ (የብልጭታውን ሰዓት ሚቆጣጠረው ሳጥን) መጨረሻ ላይ ናቸው። ካንዴላውን ከተፈታበት ቀዳዳ ራቅ አድርጋችሁ ነው ምታስነኩት፣ ከቀዳዳው ሚወጣው የቤንዚን ትነት እሳት ሊይዝ ይችላል። ብልጭታው ደህና ሆኖ ቤንዚን የበዛበት ከሆነ ደሞ ካንዴላውን መልሱ፣ ቾኩን ወደ ማጥፊያው መልሱ፣ ጋዙን ሙሉ ክፈቱና ደጋግማችሁ ርገጡ፣ ሚጠራው በዚ ነው።

ደረቅ ከሆነ የቤንዚኑን ቱቦ ከካርቡሬተሩ ነቅላችሁ ጠርሙስ ውስጥ አስገቡና መዝጊያውን ክፈቱ። በደንብ ከፈሰሰ ችግሩ ካርቡሬተር ውስጥ ነው። በቀጭኑ ፈስሶ ከቆመ የታንኩን ክዳን ክፈቱት። ሲከፈት አየር ሹሽ ብሎ ከገባና ፍሰቱ ከተመለሰ በክዳኑ ላይ ያለችው የአየር መግቢያ ቀዳዳ ተደፍናለች ማለት ነው። ይቺ ነገር በጣም ታታልላለች። አንድ የወረዳ ባለሙያ ሞተሩ ጠዋት ጥሩ ይነሳለታል፣ ሁለት ሦስት ዳገት ከወጣ በኋላ ይሞትበታል፣ ትንሽ ቆሞ ሲያርፍ ደሞ ይነሳል፣ ካርቡሬተሩ ተፈታ ታጠበ፣ ካንዴላ ተቀየረ፣ ምንም የለም። መጨረሻ ላይ ክዳኑ ሲታይ የመንዝ አቧራ ከዝናብ ጋር ተቦክቶ ቀዳዳዋን እንደ ሲሚንቶ ደፍኗታል። በጥርስ ብሩሽና በነጭ ጋዝ ታጠበች፣ አለቀ። እና ሞተራችሁ ሄዶ ሄዶ ሚሞት ከሆነ ከምንም በፊት ክዳኑን ክፈቱና ጆሯችሁን አስጠጉ።

ሁለቱም ደህና ሆኖ ካልተነሳ ኮምፕሬሽን ነው። ካንዴላውን ፈትታችሁ ቀዳዳውን በአውራ ጣት ያዙና ሰው ኪኩን ይርገጥላችሁ፣ ጣታችሁን ገፍቶ ማስነሳት አለበት። ካልገፋ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል ወይ ቫልቩ አይገጥምም፣ ያ የጋራዥ ሥራ ነው።

የሃይላንድ ቤንዚን

ማደያ ላይ ቤንዚን ሲጠፋ መንገድ ዳር በሃይላንድና በጀሪካን ሚሸጠውን መግዛት ግድ ይሆናል፣ እሱን አትግዙ ብዬ አልላችሁም፣ ሌላ ምርጫ በሌለበት ቦታ እንደሱ ማለት ቀልድ ነው። ግን ውሃ ወይ ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል። ከመቅዳታችሁ በፊት ሃይላንዱን ብርሃን ላይ ያዙት፣ ትንሽ ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጥ፣ ውሃ ካለ ከስር ይሰምጣል፣ መስመር ሠርቶ ይታያል። ስትቀዱ የታችኛውን ትንሽ ተዉት። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበትን በዓይን መለየት ከባድ ነው፣ ጣታችሁ ላይ ነክታችሁ ስታዩት ቤንዚን ቶሎ ተኖ ይደርቃል፣ ነጭ ጋዝ ያለበት ቅባት ቅባት ብሎ ይቆያል።

የተቀዳ ከሆነስ? ከካርቡሬተሩ ሳህን ስር ማፍሰሻ ብሎን አለች። ቤንዚኑን ዝጉ፣ ስሯ ትንሽ የብርጭቆ ጠርሙስ ያዙና ግማሽ ዙር ፍቷት። ሚወርደውን ቀስ ብላችሁ እዩት፦ ቤንዚኑ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ውሃው ከስር ክብ ክብ ጠብታ ሆኖ ጠርሙሱ ግርጌ ላይ ይንከባለላል፣ አንዳንዴም ቡናማ ደቃቅ ዝገት አብሮ ይወርዳል። ጠብታው እስኪጠፋ ድረስ ቤንዚኑን ከፈት ዘጋ እያደረጋችሁ አፍስሱ። ብዙ ጊዜ ካርቡሬተር ሳይፈታ በዚ ብቻ ይድናል። ዝገት ከወረደ ግን ታንኩ ውስጡ እየዛገ ነው፣ በቱቦው ላይ ትንሽ የቤንዚን ፊልትሮ ግጠሙ፣ ርካሽ ነው።

ካርቡሬተሩን መፍታት ግድ ከሆነ ሳህኑን አውርዱ፣ በመሀል ያሉትን ሁለት ቀዳዳ ያላቸው ናሶች (ትልቁና ትንሿ ጄት) ፍቱና ብርሃን ላይ አሻግራችሁ እዩ። የትንሿ ቀዳዳ ፀጉር መሳይ ናት፣ ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይሰጠው) ማይቆም ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ እሷ ጋር ነው። በመርፌ ወይ በብረት ሽቦ በፍጹም አትጎርጉሯት፣ ናስ ለስላሳ ስለሆነ ይሰፋል፣ ከሰፋ ደሞ ልኩ ጠፋ። ነጭ ጋዝ ወይ ቤንዚን ውስጥ ዘፍዝፏት፣ ከዛ በፓምፕ አየር ንፉባት፣ እምቢ ካለች የኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ ካሉት ቀጫጭን የመዳብ ክሮች አንዷን ተጠቀሙ። ስትመልሱ አታጥብቁ፣ ናሱ ይበጠሳል።

ደጋና ቆላ ሚያመጣው ጣጣ

ይሄን ክፍል ትኩረት ስጡልኝ፣ ምክንያቱም ሌላ አገር የተጻፈ ምክር ይሄን አይነግራችሁም። ደብረ ብርሃን ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡሬተር ግን ይሄን አያውቅም፣ ለዝቅተኛ ቦታ በተሠራለት ልክ ቤንዚኑን ይለቃል፣ አየሩ ያንሳል፣ ቤንዚኑ ይበዛል። ምልክቱ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት መልበስ፣ ጋዝ ስትሰጡ ማፈን፣ ጥቁር ጭስ፣ ቤንዚን መብላት ነው። ከቦታው የተነሳ ጉልበቱ መቀነሱ አይቀርም፣ ያን በምንም አትመልሱትም፣ መታፈኑን ግን ማስተካከል ይቻላል። ይሄ ሁሉ ካርቡሬተር ላላቸው ነው፣ ኢንጀክሽን የሆኑት ራሳቸው ያስተካክላሉ።

ካንዴላው ሲታይ እንዴት ነው ሚነበበው? ጥሩ ከሆነ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ጥቁርና ደረቅ ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል ወይ የአየር ፊልትሮው ቆሽሿል፣ ስለዚ መጀመሪያ ፊልትሮውን እጠቡ፣ ጄት ከመንካታችሁ በፊት! ነጭና የተቃጠለ መሳይ ከሆነ ቤንዚን አንሷል፣ ይሄኛው አደገኛው ነው፣ ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተን ሊበላሽ ይችላል።

ደጋ ላይ ምትኖሩ ከሆነ ሁለት ማስተካከያ አለ። አንደኛው የካርቡሬተሩ መርፌ ላይ ያለችው ክሊፕ ናት፣ አንድ ጥርብ ወደ ላይ ስትወስዷት መርፌው ዝቅ ይላል፣ ቤንዚን ይቀንሳል። ሁለተኛው ትልቁን ጄት ቁጥሩ አነስ ባለ መቀየር ነው። እኔ ምመክራችሁ ደብረ ብርሃን እየኖረ በየሳምንቱ ሸዋ ሮቢት ወይ ወደ ጀማ በረሃ ሚወርድ ሰው ጄቱን ብዙ እንዳያሳንስ ነው፣ ክሊፕዋን ብቻ ያንቀሳቅስ፣ ደጋ ላይ ትንሽ ቢታፈን ይሻለዋል። ለደጋ ተብሎ ቤንዚኑ የተቀነሰለት ሞተር ቆላ ሲወርድ አየሩ ይወፍርበታል፣ ቤንዚን ያንሰዋል፣ በዛ ሙቀት ላይ ዳገት ሲጨመርበት ሞተር ሚበላው እንደዚ ነው። መታፈን ያናድዳል እንጂ ሞተር አይገድልም።

የሚኒሞ ድብልቅ ብሎን ደሞ ሁለት ዓይነት ናት። በአየር ፊልትሮው በኩል ያለች ከሆነ አየር ነው ምትቆጣጠረው፣ ስትፈቷት ቤንዚን ያንሳል። በሞተሩ በኩል ያለች ከሆነ ቤንዚን ነው ምትቆጣጠረው፣ ስትፈቷት ይበዛል። ከመንካታችሁ በፊት እስክትቀመጥ ድረስ ስንት ዙር እንደምትዞር ቆጥራችሁ ጻፉ፣ ከዛ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ሩብ ሩብ ዙር እያላችሁ አስተካክሉ።

የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ሌላ ነው። ቾኩን ሙሉ አድርጉ፣ ጋዙን አትንኩት፣ ቾክ በትክክል ሚሠራው ጋዙ ዝግ ሲሆን ነው፣ ብዙ ሰው እዚ ላይ ነው ሚሳሳተው። ከተነሳ በኋላ እንዲጮህ አታድርጉት፣ ዘይቱ ወፍሮ ገና ላይ ስላልደረሰ ነው። እና ጣርማበር ላይ ጉም ውስጥ ስትነዱ ሞተሩ ያለምክንያት መንተፋተፍ ከጀመረ፣ ትንሽ ቆማችሁ ሲሞቅ ከተስተካከለ፣ እርጥቡ ቀዝቃዛ አየር ካርቡሬተሩ ውስጥ በረዶ እየሠራ ሊሆን ይችላል፣ ዕቃ መፍታት አያስፈልገውም።

የአየር ፊልትሮ

ብዙዎቹ ክሮሶች ስፖንጅ ናቸው። አውጡት፣ በነጭ ጋዝ እጠቡት፣ ከዛ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ፣ ጥላ ላይ በደንብ ይድረቅ። ጨመቅ ጨመቅ እንጂ አትጠምዝዙት፣ ይቀደዳል። ሲደርቅ የፊልትሮ ዘይት፣ ከሌለ የሞተር ዘይት ትንሽ አድርጋችሁ ሁሉም ጋ እስኪዳረስ ጭመቁት፣ ትርፉን አውጡ። ያለዘይት የተገጠመ ስፖንጅ አቧራ አይዝም፣ አቧራው ፋሻና ሲሊንደር ይበላል። በበጋ አቧራ ውስጥ በየሳምንቱ እዩት፣ አቧራ ውስጥ ከሌላ መኪና ኋላ ከነዳችሁ ደሞ ያው ቀን። ጠርዙ ላይ ቀጭን ግራሶ ቀቡበት፣ በጎን ሚገባው ነው ሚጎዳው።

ካቴና

ካቴናን በየጊዜው ማየት ከሁሉም ርካሹ ጥገና ነው። ሞተሩን አጥፉ (ይሄን በትልቁ ያዙ፣ ማርሽ አስገብቶ ሞተር እየሠራ ካቴና ሚያጸዳ ሰው ጣቱን ነው ሚያጣው)፣ ማርሹን ፎሌ አድርጉ፣ የኋላ ጎማውን በእጅ እያዞራችሁ በነጭ ጋዝና በብሩሽ እጠቡ፣ በጨርቅ አድርቁ። በቤንዚን አትጠቡ፣ መሀል ላይ ጎሚኒ ያለው ካቴና ከሆነ ጎሚኒውን ያደርቀዋል። ከዛ የካምቢዮ ዘይት በትንሹ ከውስጥ በኩል ቀቡ፣ ዘይቱ ገብቶ እንዲያድር ማታ ላይ ቢሆን ይመረጣል፣ ጠዋት ትርፉን ጥረጉ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አትቀቡ፣ ነጻ ስለሆነ ሁሉም ይቀባዋል፣ ግን ውስጡ የብረት ዱቄት ነው ያለው።

ውጥረቱን ስትለኩ የታችኛውን መስመር መሀሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ገፋ አድርጉት። ክሮስ ሞተር ሾኩ ረጅም ስለሆነ ከአስፋልት ሞተር ይልቅ ላላ ማለት አለበት፣ ብዙዎቹ ላይ ከ35 እስከ 45 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ የናንተን ማኑዋሉ ላይ ወይ ክንዱ ላይ ካለው ስቲከር እዩ። ጎማውን እያዞራችሁ በጣም ሚወጠርበትን ቦታ ፈልጉና እዛ ላይ ለኩ። ካቴና ቆንጆ ተወጥሮ ሲታይ ደስ ይላል፣ ግን ሁለት ሰው ተጭኖ ጉድጓድ ሲመታ ክንዱ ይወጣና የፊተኛውን ጥርስ ኩሽኔታ ይሰብረዋል። ስታጠብቁ በሁለቱም በኩል ያሉት ምልክቶች እኩል መሆናቸውን አረጋግጡ።

መቀየሪያው መቼ ነው? ከኋላው ትልቅ ጥርስ ጀርባ ላይ ካቴናውን በጣት ወደ ኋላ ሳቡት፣ ተነስቶ የጥርሱ ግማሽ ከታየ አልቋል። ጥርሶቹም ወደ አንድ በኩል እንደ መንጠቆ ከታጠፉ ሁሉንም በአንድ ላይ ቀይሩ፣ አዲስ ካቴና በአሮጌ ጥርስ ላይ ቶሎ ያልቃል። መገጣጠሚያዋ ላይ ያለችው ክሊፕ ዝግ የሆነው አፏ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይዙር፣ በግልባጩ ከተገጠመች ድንጋይ ሲነካት ትወልቃለች።

ፍሬንና ቁልቁለት

ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና፣ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ፣ ከለሚ ወደ ጀማ፣ እነዚ ቁልቁለቶች ላይ ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ ሚለቅ ሰው አያለሁ፣ በጣም ያሳስበኛል። ፍሬኑ ብቻውን ሸክሙን ይዞ ይግላል፣ ፈሳሹ ይፈላል፣ እጀታው ስፖንጅ ይሆናል፣ ከዛ የለም። በወጣችሁበት ማርሽ ወይ ከዛ ባነሰ ውረዱ፣ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ እያደረጋችሁ ከፊትና ከኋላ አካፍሉት።

ባለ ሁለት ምት ሞተር (ዲቲ፣ ኤጂ 100) ምትነዱ አንድ ነገር ጨምሩ፣ ዘይቱ ሚመጣው ከጋዙ ጋር ነው፣ ጋዝ ዘግታችሁ ረጅም ቁልቁለት በማርሽ ስትወርዱ ፒስተኑ በፍጥነት እየሠራ ዘይት አያገኝም። ፍሪሲዮን ይዛችሁ አልፎ አልፎ ጋዙን ትንሽ ክፈት አድርጉለት።

ቤት ስትገቡ የዲስኩን ፓድ በባትሪ መብራት እዩ፣ ሸራው ወደ 2 ሚሊ ሜትር ከወረደ ቀይሩ። ከበሮ ፍሬን ከሆነ መንጃው ላይ ቀስት መሳይ ምልክት አለች፣ ፍሬን ስትይዙ ከመጨረሻው መስመር ካለፈች ሸራው አልቋል፣ ከጭቃ በኋላ ከበሮውን ከፍታችሁ ውስጡን በደረቅ ብሩሽ አጽዱ፣ ዘይትና ግራሶ ሸራው ላይ እንዳይነካ። ፈሳሹ ክዳኑ ላይ ዶት 3 ወይ ዶት 4 ተብሎ ተጽፏል፣ የተጻፈውን ብቻ ጨምሩ፣ በሁለት ዓመት አንዴ ሙሉ ለሙሉ ይቀየር ምክንያቱም ከአየር ውሃ ይስባል፣ ውሃ ያለበት ፈሳሽ ደሞ ቁልቁለት ላይ ቶሎ ይፈላል። ቀለም ይበላልና ከፈሰሰ ወዲያው በውሃ እጠቡ።

ጥቁር አፈር

እነዋሪና ደነባ ክረምት ላይ የነዳችሁ ታውቁታላችሁ፣ ጭቃው ጎማውና የጭቃ መከላከያው መሀል ገብቶ ይደርቃል፣ ጎማው መዞር ያቆማል። የፊት መከላከያው ዝቅ ብሎ የተገጠመ ከሆነ ለክረምት ከፍ አድርጉት ወይ ከፍ ባለ ቀይሩት። መንገድ ላይ ምትጎረጉሩበት ጠፍጣፋ እንጨት ይኑራችሁ።

ቤት ስትደርሱ ሳይደርቅ እጠቡት፣ ግን ሞተሩ ይቀዝቅዝ መጀመሪያ። ላቫጆ ከወሰዳችሁት ልጁ ያን ኃይለኛ ውሃ ኩሽኔታዎቹ፣ ካርቡሬተሩ፣ የካንዴላ ኮፍያውና የኤሌክትሪክ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ቀጥታ እንዳይረጭ ንገሩት። በሲሊንደሩ ክንፎች መሀል ያለው ጭቃ በእንጨት ይውጣ፣ ሞተሩ ሚቀዘቅዘው በነዛ መሀል በሚያልፈው አየር ነው። የፊት ሾኩን ሚያብረቀርቅ ብረት በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ የደረቀ ጭቃ ጎሚኒውን ይቀደዋል። ዘይት ማላብ ከጀመረ ገና ከመቀየራችሁ በፊት የሃይላንድ ፕላስቲክ በቀጭኑ ቆርጣችሁ በጎሚኒው ከንፈር ስር አስገብታችሁ ዙሪያውን አዙሩት፣ አሸዋ ይዞ ይወጣል፣ ብዙ ጊዜ ማላቡ ይቆማል።

ጎማ

ለአስፋልት 28 እስከ 30 ፒኤስአይ አካባቢ፣ ለድንጋይና ለጭቃ 20 እስከ 22፣ ከዛ አታውርዱ ምክንያቱም ድንጋይ ሲመታ ቸርኬው ይጎዳል ከመነዳሪውም ይቆረጣል። ቆላ ላይ የግራር እሾህ አለ። ከመነዳሪ ስትለጥፉ ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት አሻሹ፣ ማስቲሹን ቀቡና እስኪደርቅ ጠብቁ፣ እርጥብ እያለ ከለጠፋችሁ አይይዝም። እና ከመመለሳችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዙሪያውን ዳስሱ፣ የበሳው እሾህ እዛው ከቀረ ከመቶ ሜትር በኋላ ተመልሳችሁ ትለጥፋላችሁ። የቸርኬውን ሽቦዎች አንድ በአንድ በመፍቻ ነካ ነካ አድርጉ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ሚሰጠው ጠብቋል፣ ደንቆሮ ድምፅ ሚሰጠው ላልቷል።

ዘይት፣ ቫልቭ፣ ባትሪ

የባለ አራት ምት ዘይት ጄኤሶ ኤምኤ የሚል የሞተር ሳይክል ዘይት ይሁን፣ አንዳንድ የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትታል። ለውርጭ ጠዋት 10 ደብሊው 40 ከ20 ደብሊው 50 ይሻላል። ሞተሩ ሞቅ ሲል አፍስሱ፣ የወጣውን እዩ፣ ነጣ ያለ ቡናማ ሆኖ አረፋ ካለው ውሃ ገብቶበታል፣ ወንዝ ስትሻገሩ ሊሆን ይችላል። ማፍሰሻውን ስትመልሱ ጉልበት አትጨምሩ፣ አሉሚኒየም ነው ጥርሱ ይበላል። የተፈሰሰውን በጀሪካን አስቀምጡ፣ በበሬሳ ወንዝም ሆነ በሌላ ወንዝ ዳር አትድፉ፣ ከብቱም ሰውም ሚጠጣው ውሃ ነው።

ቫልቭ ሚስተካከለው ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ ነው፣ ፒስተኑ ከላይ ሆኖ ሁለቱም ቫልቮች ሲዘጉ፣ ክፍተቱ በትናንሽ ሞተሮች 0.05 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ ልኩን ከማኑዋሉ ውሰዱ። ትንሽ ቲክ ቲክ ማለት ችግር አይደለም፣ ፀጥ ያለ ጠባብ ቫልቭ ነው ሚቃጠለው።

ባትሪ በቴስተር ሲለካ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተሩ ሠርቶ ጋዝ ሲሰጠው 14 አካባቢ መሆን አለበት። ካልጨመረ ባትሪ አትግዙ፣ ችግሩ ቻርጅ ማድረጊያው ጋ ነው። መብራት ባንዴ ከጠፋ ፊውዙን እዩ፣ ፊውዝ ከተቃጠለ ያቃጠለውን ሽቦ ፈልጉ እንጂ በሲጋራ ወረቀት ብር አትጠቅልሉት።

ቤት ማይሠራው

ክራንክ፣ የማርሽ ሳጥን ውስጥ፣ የሲሊንደር መቧጨር፣ የቸርኬ መጣመም፣ እነዚን ለባለሙያ ተዉ። ስትወስዱት ግን ሞተሩ ተበላሸ ብቻ አትበሉ፣ መቼ እንደጀመረ፣ ሲሞቅ ነው ሲቀዘቅዝ፣ ዳገት ላይ ነው ቁልቁለት ላይ፣ ካንዴላው ምን ቀለም እንደነበረ፣ እናንተ ምን እንደነካችሁ ጻፉና ያዙ። አሮጌውን ካንዴላም አብራችሁ ውሰዱት፣ መካኒኩ ከዛ ብዙ ያነባል፣ ያልተበላሸ ዕቃም አያስቀይራችሁም።